የኢሲዶራ አንጀት እስኪነቃ

ኢሲዶራ የሟቹ ወንድሜ ሚስት ናት። ቤታችን በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያየው። እሷ ስታስነጥስ እኔ ከዚህ ማዶ «ይማርሽ!» እላለሁ፤ እኔ ከልጄ ጋር ስጨቃጨቅ ደግሞ እሷ ከዚያ ማዶ ትፈርዳለች፤ ሁልጊዜም ለልጄ ነው የምትፈርደው። እንደ እሷ ያለ ግትር ሰው በእኛ በግሪኳ ኪዮስ ደሴት ላይ አልበቀለም። በቅሎ በስንት ጣዕሟ!

ሥራችን ማስቲካ ነው። ማስቲካ ስላችሁ ያንን ሱቅ የሚሸጠውን በወረቀት የተጠቀለለ ጎማ እንዳይመስላችሁ። ዋናውን፣ ከዛፉ የሚወጣውን ነው የምላችሁ። በሙቀቱ ወራት ግንዱን በስለት ጫር ጫር እናደርገዋለን፤ ከሥሩ ጠርገን ነጭ አፈር እንነሰንስበታለን፤ ዛፉ እንባውን ያንጠባጥባል፤ ሲደርቅ እንለቅማለን። ብርዱ ሲገባ ደግሞ ሴቶቹ አንድ ቤት ተሰብስበን ያንን እንባ አንድ በአንድ በትንሽ ቢላዋ እየፋቅን፣ ሰው እያማን እንከርማለን። በዚህ ሥራ ኢሲዶራን የሚያክላት የለም። እኛ ዓይናችን ደክሞ የምናሳልፈውን ጉድፍ እሷ ትይዘዋለች።

«ይሄ ምንድነው ስታማቲያ?» ትለኛለች።

«ምንም አይደል ባክሽ፣ አቧራ ነው።»

«አቧራ ከሆነ እንግዲያው አንቺ ብይው!»

እንዲህ ናት። ለሚገዛው ሰው አይደለም የምትጨነቀው፤ ማን እንደሚገዛውም አታውቅም። ዝም ብሎ ጉድፍ አይሆንላትም።

ታዲያ ባለፈው ጸደይ ይቺ ሴት ደረጃ መውጣት አቃታት። ፊቷ አመድ መሰለ። «ምን ሆነሻል?» ስላት «እርጅና ነው» ትላለች፤ እርጅና እኮ በአንድ ወር አይመጣም! እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ደሟ አልቋል አሉ። ከዚያ ሰገራ አስመረመሩ፣ ከዚያ በካሜራ አንጀቷን አዩ፤ በትልቁ አንጀት በቀኝ በኩል ዕጢ ተገኘ። ካንሰር።

እኛ ዘንድ የዚህ በሽታ ስሙ ለበሽተኛው አይነገርም፤ «ያ ክፉው» ይባልና ይታለፋል። እኔም ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ጎትቼ «እባክዎን ለእሷ አይንገሯት፣ የአንጀት ቁስል ነው ይበሏት» ብዬ እየለመንኩ ሳለ በሩ ተከፈተ።

«ምኑን ነው የማይነግሩኝ?» አለች ኢሲዶራ። «ካንሰሩን ነው? እሱንማ ፊትሽ ላይ አነበብኩት። አንቺ እኮ ካርታ ስትጫወቺም እንዲሁ ነሽ።»

ለቀዶ ጥገናው በመርከብ ወደ አቴና ሄድን። የተቀበለችን ሐኪም ዶክተር ሚርቶ ትባላለች። ከልጄ አትበልጥም፤ ፀጉሯን እንደ ተማሪ ወደ ኋላ አስራ፣ ስትናገር እጇ አያርፍም። እኔ መጀመሪያ «ይቺ ልጅ ናት የምትቀድሽ?» ብዬ ነበር። በኋላ ግን ስታወራ ስሰማት እኔ ራሴ ሆዴን ክፈቺልኝ ልላት ምንም አልቀረኝ፣ ሥራዋን እንዴት እንደምትወደው!

«ድሮ ቀዶ ጥገና የተደረገለትን ሰው አየር እስኪወጣው ድረስ እናስርበው ነበር» አለችን። «አንጀት ሲነካ ይተኛል። ተኝቶ ሳለ ምግብ ከላክንበት የተሰፋው ይፈታል ብለን እንፈራለን። አሁን ግን በየአገሩ የሚሠሩ ጥናቶች ሌላ ነገር እያሳዩን ነው። ቶሎ የበላ፣ ቶሎ ተነሥቶ የተራመደ፣ ማስቲካ ያኘከ ሰው አንጀቱ ቶሎ የሚነቃ ይመስላል። ማኘክ አንጀትን ያታልለዋል፤ ምግብ መጣ ብሎ ብድግ ይላል!»

«ታዲያ ሁሉንም አብሏቸዋ!» አልኩ።

«በእኛም በሽተኞች ላይ እንደዚያ መሆኑን ማየት አለብኝ። ስለዚህ በዕጣ ግማሾቹ ወዲያው ይበላሉ፣ ያኝካሉ፤ ግማሾቹ በቆየው መንገድ ቀስ ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ ማን ቀድሞ እንደዳነ፣ ማን ስፌቱ እንዳስቸገረው እናነጻጽራለን። ካልፈለጉ መተው ይችላሉ፣ እማማ ኢሲዶራ። ሕክምናዎ አይጓደልም።»

«ዕጣውን የምታወጪው አንቺ ነሽ?»

«አይ፣ ኮምፒውተሩ ነው።»

«እሱ ይሻላል። አይወድ፣ አይጠላ» አለችና ፈረመች። ዕጣዋ ቶሎ ከሚበሉት ጋር ወጣ። እኔ በደስታ አጨበጨብኩ፤ እሷ ግን ፈገግ አላለችም። ያኔ ነበር ልነቃ የሚገባኝ!

ቀዶ ጥገናው የተደረገው የእመቤታችን የነሐሴ ጾም፣ ፍልሰታ፣ በገባ በማግስቱ ነው። በትንንሽ ቀዳዳ ገብተው ዕጢውን ከነአንጀቱ ቁራጭ አወጡና ሁለቱን ጫፍ ገጠሙት። ዶክተር ሚርቶ ፊቷ በርቶ መጣች። «አለቀ፣ ጥሩ ነው የሄደው። አሁን የቀረን መገጣጠሚያው መያዙና አንጀቱ መንቃቱ ነው። አየር ወጣ ስትሉኝ ያን ጊዜ እንጨፍራለን» አለችን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኛ ወሬ ሁሉ አየር ሆነ። በመንደራችን በካላሞቲ የለቀማ ወቅት ነው፤ ሴቶቹ ከዛፍ ሥር ሆነው ይደውላሉ፦ «አየር ወጣ?» አባ ኒኪፎሮስ ከጸሎት በኋላ ይደውላሉ፦ «ልጄ ስታማቲያ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና… ያ ነገር ወጣ?» ካህኑ እንኳን ሳይቀሩ! በሕይወቴ ሰው ሁሉ አንድን ነገር እንደዚያ አብሮ ሲጠብቅ አላየሁም።

አየሩ ግን የለም። በማግስቱ የለም፣ በሦስተኛውም ቀን የለም።

ምግብ በመጣ ቁጥር ኢሲዶራ «ስታማቲያ፣ እስቲ ታች ጸሎት ቤት ወርደሽ ሻማ አብሪልኝ» ትለኛለች። እኔ ሞኟ እሮጣለሁ። ስመለስ እርጎው ተጠርጎ አልቋል፣ እንቁላሉ የለም፣ የወተት መጠጡ ብርጭቆ ተገልብጧል። አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል! «እሰይ የኔ አንበሳ!» እላታለሁ። ነርሷም «በልታለች» ብላ ትመዘግባለች።

በአራተኛው ቀን ሆዷ ተነፋ። አቅለሸለሻት፣ ፊቷ ጠቆረ። ዶክተር ሚርቶ ሆዷን በጣቷ መታ መታ አደረገች፣ ማዳመጫዋን አስጠግታ ረጅም ጊዜ ሰማች፤ እጆቿ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ። እኔን ወደ ውጭ ጠራችኝ።

«አልገባኝም» አለችኝ። «በደንብ እየበላች ነው፣ እየተራመደች ነው። እንዲህ ሆና አንጀቷ አልነቃም ማለት ስፌቱ አፍስሶ እንዳይሆን እፈራለሁ። ሲቲ ስካን እናነሳታለን። ካፈሰሰ እንደገና መክፈት ሊኖርብን ነው።»

«ትችለዋለች?»

«ደሟ ትንሽ ነው» አለችኝ።

ባሏን፣ ወንድሜን የቀበርኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ እሷን? ከዚያ ግድግዳ ማዶ ማን ሊያስነጥስ ነው? ዓይኔን ጠርጌ ገባሁ። ምሳ መጥቷል። ኢሲዶራም እንደ ልማዷ «ሻማ…» አለችኝ። ወረድኩ። ጸሎት ቤቱን ግን እያጠቡት ነበርና በሩ ተዘግቷል። ተመልሼ ወጣሁ።

በሩን ስከፍት ምን አየሁ ብትሉኝ ጥሩ ነው! ከጎኗ ያለችው በሽተኛ፣ ሐሞቷን ያስወጣችው ፔላጊያ የምትባል የፒሬዎስ ሴት፣ የኢሲዶራን እርጎ ጭኗ ላይ አድርጋ ክዳኑን ትልሳለች! የኢሲዶራ እንቁላል ጉንጯ ውስጥ ነው። ኢሲዶራ ደግሞ ባዶውን ሳህን ተቀብላ ከፊቷ ልታስቀምጥ እጇን ዘርግታለች።

«ጉድ በሉ!» ብዬ ጮህኩ። «ጉድ በሉ ሰዎች! እኔ ሻማ ሳበራ፣ ጸሎት ቤቱን ላቃጥለው ምንም ሳይቀረኝ፣ እናንተ እዚህ ገበያ ትውላላችሁ?»

«ጩኸትሽን ቀንሺ፣ የታመመ ሰው አለ» አለች ኢሲዶራ።

«ማን ነው የታመመው? አንቺ ነሽ እኮ!»

ፔላጊያ እንቁላሉን ዋጥ አደረገችው። «እህቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? እሷ ጾመኛ ናት፣ እኔ ኃጢአተኛ። ምግብ መድፋት ደግሞ ነውር ነው።»

ይኸው ነው እንግዲህ! ከቀዶ ጥገናው ጀምሮ ውሃና ሻይ ብቻ ነው የቀመሰችው። ፍልሰታን! ሆዷ ተቀዶ ተሰፍቶ፣ አንጀቷ ተቆርጦ ተገጥሞ ፍልሰታን ትጾማለች! እዚያው ቆሜ አባ ኒኪፎሮስ ዘንድ ደወልኩና ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«ኢሲዶራ ልጄ፣ የታመመ አይጾምም። ሥርዓቱ ነው» አሉ አባ።

«እርስዎ ይሄን የሚሉት ስላዘኑልኝ ነው አባ። አምና ለዓሣ አጥማጆቹም ዓሣ ፈቅደውላቸዋል።»

«ባሕር ላይ ሌላ ምን ይብሉ?»

«ዳቦ!»

አባ ተነፈሱ። «እሺ፣ ጾሙን ተይው። እኔ የማዝንብሽ በሌላ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ጾሙን ከሐኪሙ የደበቀም ያው ነው። ሐኪሟን ጥሪና በአፍሽ ንገሪያት። ይሄ ትእዛዝ ነው» አሉና ስልኩን ዘጉት። ለስላሳው አባ ኒኪፎሮስ ስልክ ሲዘጉ ያኔ ነው ያየሁት።

ዶክተር ሚርቶ መጣች። ኢሲዶራ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ ነገረቻት። ልጅቷ መጀመሪያ ነጣች፣ ቀጥሎ ቀላች።

«በላች ብዬ ጽፌያለሁ!» አለች። «በየቀኑ በላች ብዬ ጽፌያለሁ! በልተው ያልነቃልዎት መስሎኝ፣ ስፌቱ አፍስሷል ብዬ ሆድዎን ልከፍት ስዘጋጅ ነበር! እርስዎ ብቻ አይደሉም እኮ! ከእርስዎ በኋላ የሚመጣውን ሰው፣ ምግብ አልጠቀማቸውም ብለን መልሰን ልናስርበው ነው። እንደ እርስዎ ያለውን ሰው!»

ኢሲዶራን እኔ አውቃታለሁ፤ ስትሰደብ አትጎዳም፣ መልሳ ትሰድባለች። ያን ቀን ግን ጉድፉን ያሳለፈችው እሷ ሆነች። እጇን እያየች «ያንን ውሸት አውጪው ልጄ። እኔንም ከጥናቱ አውጪኝ» አለች።

«አይወጡም። ዕጣዎ ከሚበሉት ጋር ነው የወጣው፣ እዚያው ይቆያሉ። እውነቱ ግን እንደሆነው ይጻፋል። አልበሉም፣ ይባላል።»

«ከነጉድፉ?»

«ከነጉድፉ።» ዶክተር ሚርቶ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ግን እማማ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

ያኔ ኢሲዶራ አለቀሰች። እኔ ወንድሜ ሲሞት እንኳን በሰው ፊት ስታለቅስ አላየኋትም። «ስነግርሽ ‹ኋላ ቀር አሮጊት› ብለሽ ብትስቂብኝስ? ደግሞስ ሕይወቴን ከእመቤታችን እየለመንኩ ጾሟን ልሻርባት? በምን ፊቴ? ፈርቼ ነው ልጄ። ሞት ፈርቼ ነው።»

ዶክተር ሚርቶ እጇን ያዘቻት፤ ከዚያ በአንዴ ሳቀች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «እማማ፣ ጥናቱ እኮ ስለ ወተት አይደለም! ስለ መብላት ነው! ድንች አለ! ሩዝ አለ! ማር አለ፣ የተፈጨ ሰሊጥ አለ! ማን ጠየቀዎት? ማንም አልጠየቀዎትም! ነሐሴ ላይ እርጎ ሳዝዝ የማን ልጅ እንደሆንኩ ረስቼ ነው። እናቴ እኮ አሁን ቤቷ ምስር እየቀቀለች ነው። ማስቲካውስ ቢሆን? ማስቲካው እኮ ጾም ነው!»

«ያ ማስቲካ ነው?» አለች ኢሲዶራ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ጎማ ነው። ለስታማቲያ ጫማ ይሆናል።»

እኔ ወዲያው ቦርሳዬን ፈትሼ ከአገር ያመጣሁትን፣ እሷ ራሷ የፋቀችውን የዛፍ እንባ አወጣሁ። ዶክተሯ አሸተተችው። «እኔ ማኘኩን ነው የምፈልገው፤ ዛፉን እርስዎ ይምረጡ። ይሄንንም እጽፈዋለሁ» አለች።

ቢሆንም ሲቲ ስካኑ አልቀረም። አልጋዋን እየገፉ ሲወስዷት እኔ ግድግዳ ይዤ ቀረሁ፤ ፔላጊያ ከአልጋዋ ወርዳ አጠገቤ ቆመች፤ የበላችው እንቁላል ሁሉ ሳይተናነቃት አልቀረም። ዶክተር ሚርቶ በኮሪደሩ ስትሮጥ መጣች። ሐኪም ሲሮጥ ስታዩ ነፍስ አይቀርላችሁም!

«አላፈሰሰም!» አለች ከሩቅ። «ስፌቱ ይዟል! የተቆረጠው አንጀት የምርመራ ውጤትም መጥቷል፤ ዳሩ ንጹሕ፣ ከአካባቢው የለቀምናቸው ንፍፊቶችም ንጹሕ! አሁን አንጀቷ መንቃት ብቻ ነው የቀረው!»

ፔላጊያ አቀፈችኝ፤ እኔም ይቅርታ ሳላደርግላት አቀፍኳት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ኢሲዶራ አኘከች። አቤት አኘካኘክ! መንጋጋዋ እንደ ወፍጮ ነው የሚሠራው። ሆዷ ረገብ ሲልላት የተፈጨ ድንች ሰጧት፣ በማንኪያ ጫፍ፤ ቀጥሎ የሩዝ ሾርባ፣ ቀጥሎ ማርና ሰሊጥ። እኔ ከአልጋዋ አጠገብ አልተነሣሁም፤ እያንዳንዷን ጉርሻ እስክትውጥ ድረስ ጉሮሮዋን ነው የማየው። ሻማ ብትለኝ «አንቺው አብሪ» ልላት ተዘጋጅቻለሁ፤ አላለችኝም። ሆዷ ግን እንደተነፋ ነው፣ አየር የለም። ዶክተሯም «ዛሬና ነገን እንያት። ካልነቃ በአፍንጫዋ ቱቦ አስገብቼ እንደገና ማሰብ አለብኝ» ብላኛለች።

በማግስቱ ጠዋት በኮሪደሩ ቀስ እያልን እንራመዳለን፤ እሷ የግሉኮሱን መስቀያ ይዛ፣ እኔ ክንዷን ደግፌ። ስልኬ ጮኸ፤ መንደሩ ነው። ሴቶቹ ሁሉ ከዛፍ ሥር ተሰብስበው፣ አባ ኒኪፎሮስም አብረዋቸው። «ንገሪን እንጂ! ወጣ?» ይሉኛል። ከፊት ለፊት ደግሞ ዶክተር ሚርቶ ተማሪዎቿን አስከትላ ትመጣለች፤ ሁሉም ነጭ የለበሱ፣ ግማሾቹ ጢም ያልበቀለላቸው ጎረምሶች። ኢሲዶራ እነሱን ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች፣ የፀጉር መሸፈኛዋን አስተካከለች። በሕይወቷ ሰው ፊት አዛግታ እንኳን የማታውቅ ሴት ናት።

ያን ጊዜ ሆነ።

ትንሽ አልነበረም። ኮሪደሩ ሰማው፣ ተማሪዎቹ ሰሙት፣ በስልኩም ካላሞቲ ሰማው።

ዶክተር ሚርቶ ባለችበት ቆመች። «ማን ነው?» አለች በሹክሹክታ፤ ለመደሰት የፈራች ትመስላለች።

እኔም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ያን ያህል ስጠብቀው ከርሜ፣ ያን ያህል ሻማ አብርቼ፣ ያንን ሁሉ ጎረምሳ ሳይ የወንድሜ ሚስት እንዳታፍር ብዬ ከአፌ አመለጠኝ፦

«እኔ ነኝ! ይቅርታ፣ እኔ ነኝ!»

የዶክተሯ ፊት ሲወድቅ አየሁት። ኢሲዶራ ግን ክንዴን ወደዚያ ገፋ አደረገችው።

«ውሸቷን ነው» አለች። ጉንጯ ፍም መስሏል፣ አንገቷ ግን ቀና ብሏል። ድምፅዋን ከፍ አደረገች፣ ስልኩ ውስጥ ያሉትም ይሰሟት ዘንድ። «እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ! ጻፊው ልጄ፣ እኔ ነኝ! አለሁ!»